ጥቁር ነጭን ሲቀዳ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ፤ ቼዝ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ጥቁር ሲደርሰኝ ነጭ ያደረገውን ሁሉ ተከትዬ አደርጋለሁ። ፈረስ ካወጣ ፈረስ አወጣለሁ፣ ወታደር ከበላ ወታደር እበላለሁ። ሁለታችንም እኩል ከሆንን ሽንፈት ከየት ይመጣል ብዬ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከአንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጋር ገጥሜ በ5ኛው እርምጃ ንግሥቴ ሄደች። የተሳሳተው ዘዴው ነው ወይስ እኔ አጠቃቀሙን ስላላወቅኩበት ነው? በሚመጣው ቅዳሜ ከዚያው ልጅ ጋር እንደገና እገናኛለሁ። የእርምጃዎቹን ወረቀት ልኬልዎታለሁ።»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ወረቀትህን ይዤ ሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ ደረደርኩት። ያሰብከው ነገር የሚያሳፍር አይደለም። እዚህ ጎንደር ልጆች ሳሠለጥን በየዓመቱ እንዳንተ ያሰበ አንድ ሁለት ሰው አላጣም፤ ደግሞም ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ልጆች ናቸው እንዲህ የሚሉት። «እኩል ከሆንን ሽንፈት ከየት ይመጣል?» ጥሩ ጥያቄ ነውና በደንብ ልመልሰው።

ከተጋጣሚህ ጋር እኩል የምትሆነው አንተ ከተጫወትክ በኋላ ነው። እሱ ተጫውቶ አንተ ገና ባልተጫወትክባት ቅጽበት ግን እኩል አይደላችሁም፤ እሱ በአንድ እርምጃ ይቀድምሃል። ቼዝ ላይ ጉዳት የሚደርሰው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ነው። እስከ አሥረኛው እርምጃ ድረስ ያቺ ቅጽበት ምንም ሳታመጣ ልታልፍ ትችላለች። አንድ ቀን ግን ቼክ፣ ማለትም በቀጥታ ንጉሥህ ላይ የተሰነዘረ ጥቃት፣ ይዛ ትመጣለች፤ ቼክ ደግሞ አይቀዳም። ንጉሥህ ተይዞ ሳለ የተጋጣሚህን እርምጃ የመድገም መብት የለህም፤ መጀመሪያ ንጉሥህን ማዳን ግድ ነው።

አሁን ወደ ወረቀትህ እንመለስ። ለሌሎች አንባቢዎችም እንዲገባ፣ ዓምዶቹን ከነጭ ግራ እጅ ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እንላቸዋለን፤ ረድፎቹን ደግሞ ከነጭ በኩል ከ1 እስከ 8 እንቆጥራለን።

ልጁ የንጉሡን ወታደር ወደ ኢ4 ገፋ፤ አንተ ወደ ኢ5። ፈረሱን ወደ ኤፍ3 አወጣ፤ አንተ ወደ ኤፍ6። እስከዚህ ምንም ስህተት የለብህም። ይህ አጀማመር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ሩሲያዊ ተጫዋች በአሌክሳንደር ፔትሮቭ ስም የፔትሮቭ መከላከያ እየተባለ የሚጠራ፣ የተከበረ አጀማመር ነው። በ3ኛው ልጁ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደርህን በፈረሱ በላ። አንተም ወዲያው ኢ4 ላይ ያለውን ወታደሩን በፈረስህ በላህ። ጨዋታው የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንተ 5ኛው ላይ የተበላሸ መስሎሃል፤ 5ኛው ግን መርዶው የደረሰበት ነው።

በ4ኛው ንግሥቱን ወደ ኢ2 አመጣ። ፈረስህ ተነካ፤ ደንግጠህ ወደ ኤፍ6 መለስከው። (ይህ እርምጃህ እንኳ ቅጂ አልነበረም። ቅጂው ያመጣው ድንጋጤ ነው።) አሁን ሰሌዳህን ዘርግተህ የኢን ዓምድ ብቻ ተመልከት። ከታች የነጭ ንግሥት አለች፤ ከላይ ያንተ ንጉሥ አለ፤ በመካከላቸው ኢ5 ላይ የቆመው የነጭ ፈረስ ብቻ ነው። ያ ፈረስ የተዘጋ በር ማለት ነው። ወደ ሲ6 ሲዘል በሩ ተከፈተና ንግሥቲቱ ንጉሥህን ቼክ አለች፤ ፈረሱ በዚያው ዝላይ ዲ8 ላይ የቆመችውን ንግሥትህን ያዘ። ሲ6 ላይ ያለውን ፈረስ የሚደርሱበት ሁለት ወታደሮችና አንድ ፈረስ ነበሩህ። ሦስቱም እያዩት ዝም አሉ፤ ቼኩን ሳትመልስ እሱን መብላት አይፈቀድልህምና።

«በ4ኛው ላይ ከመደንገጥ ይልቅ መቅዳቴን ብቀጥልስ ኖሮ?» ትለኝ ይሆናል። እንሞክረው። ንግሥትህን ወደ ኢ7 ታመጣለህ። ልጁ ኢ4 ላይ ያለውን ፈረስህን በንግሥቱ ይበላል። አንተም ቀድተህ ኢ5 ላይ ያለውን ፈረሱን በንግሥትህ ትበላለህ። አሁን ሁለቱ ንግሥቶች ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ ብልቶቹ ሲቆጠሩ እኩል ናቸው፤ ሰሌዳው መስታወት ይመስላል። ተራው የማን ነው? የሱ ነው። ንግሥትህን ይበላታል፣ ያውም በቼክ። ስለዚህ 4ኛው ላይ ንግሥትህን ወደ ኢ7 ካመጣህ በኋላ ቅጂውን አቁመህ ወታደርህን ወደ ዲ6 መግፋት ነበረብህ፤ ያኔ ኪሳራህ አንድ ወታደር ብቻ ይሆን ነበር።

ስለ ተራ ካነሳን፣ የኛው የአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ይህን ነገር ከማንም በተሻለ ያስረዳል። ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ የሚባል ክፍል አለው። በወረራ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም፤ ሁለቱም እጃቸውን ሰንዝረው ጦራቸውን እንዳሻቸው ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ይለውጣል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀምረው የመጀመሪያው ብልት ሲበላ ነው። በወረራ ውስጥ ሌላውን ማየትና መከተል ዋጋ አያስከፍልም፣ ምክንያቱም ቀዳሚም ተከታይም የለም። በዛሬው ቼዝ ግን ወረራ የለም። ከመጀመሪያው ወታደር ጀምሮ ቀዳሚና ተከታይ አለ፤ በውድድር ጨዋታዎች ነጭ ከ52 እስከ 56 በመቶ የሚሆነውን ነጥብ የሚወስደውም ሌላ ምንም ብልጫ ኖሮት ሳይሆን ቀድሞ ስለሚጀምር ነው።

መቅዳት በእርግጥ የሚያሸንፍበት ጨዋታ አለ። አንድ ክብ ትሪ ውሰድና ከጓደኛህ ጋር ተራ በተራ ሳንቲም ደርድሩበት፤ አንዱ ሳንቲም በሌላው ላይ እንዳይደረብ፣ ቦታ ያጣ ይሸነፍ። አንተ ጀምርና የመጀመሪያዋን ሳንቲም ልክ መሀል ላይ አድርጋት። ከዚያ በኋላ እሱ ያስቀመጠበትን ቦታ ከመሀሉ ተሻግረህ በትይዩው ድገም። እሱ ቦታ ካገኘ አንተም ሁልጊዜ ታገኛለህ፤ ልትሸነፍ አትችልም። ልዩነቱ ምንድን ነው? ትሪው ላይ የሱ ሳንቲም ያንተን ሳንቲም አትበላም። ቼዝ ሰሌዳ ላይ ግን ልትቀዳው ያሰብከውን ብልት ራሱን ቀድሞ ሊበላብህ ይችላል።

ይህ ሁሉ ከሩቅ የሚታይ ምክንያት ነው። ከቅርብ ያየሁትን ልንገርህ፤ ከዚህ ሁሉ እሱ ያሳስበኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ አካባቢ በምንሰበሰብባት ክፍል ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ጥቁር ይዞ ከፊቴ ተቀመጠ። ከስብስቡ አንድ ጥቁር ወታደር ጠፍቶ በምትኩ የለስላሳ ቆርኪ አስቀምጠናል። ወታደር ወደ ዲ4 ገፋሁ፤ ወደ ዲ5 ገፋ። ንግሥቴን ወደ ዲ3 አወጣሁ፤ ወደ ዲ6 አወጣ። እየቀዳ መሆኑ ገባኝና ንግሥቴን ወደ ኤፍ5 ወሰድኳት። እዚያ ቦታ ላይ ሲ8 ያለው ጳጳሱ ንግሥቴን በነፃ ሊበላት ይችላል፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ጠባቂም የላትም። ልጁን አየሁት። ዓይኑ ያረፈው እጄ ላይ እንጂ ሰሌዳው ላይ አልነበረም። ጣቶቼ ከንግሥቲቱ ገና ሳይላቀቁ የሱ ጣቶች የራሱን ንግሥት ጨብጠው ነበር፤ ወደ ኤፍ4 አሳረፋት። እኔም ሲ8 ላይ ያለውን ጳጳስ በላሁ። ቼክሜት፤ ንጉሡ ማምለጫ የለውም፣ በ4 እርምጃ አለቀ።

ልጁ ያለቀሰው ስለተሸነፈ አልነበረም። «ንግሥትህን በነፃ ሰጥቼህ ነበር እኮ» ብዬ ወደ ኋላ መልሼ ሳሳየው ነው ያለቀሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለተማሪዎቼ የምደጋግመው አንድ ነገር አለ፤ የተጋጣሚህ እጅ ሲነሳ አንተ እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ። የመቅዳት ትልቁ ጉዳት እርምጃው መጥፎ መሆኑ አይደለም፤ ጥሩም ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ «ይህ ሰው ይህን ያደረገው ለምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከአንተ መውሰዱ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ጥቁር በደረሰህ ቁጥር ያንን ጥያቄ ሳትጠይቅ ከተጫወትክ፣ ስምንት ወር የተማርከው ነጭ ሆነህ የተጫወትከውን ብቻ ነው።

እየተቀዱ ረጅም መንገድ የሚሄዱና መጨረሻ ላይ የሚገድሉ ጨዋታዎች አሉ። አንዱን በደንብ አጥናው። ሁለቱም በኢ ወታደር ይጀምራሉ፤ አራቱም ፈረሶች ወደ ኤፍ3፣ ኤፍ6፣ ሲ3 እና ሲ6 ይወጣሉ። የነጭ ጳጳስ ቢ5 ላይ፣ የጥቁሩ ቢ4 ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም ንጉሣቸውን ከቅርቡ ግንብ ጋር አቀያይረው ይሸሽጋሉ፤ ሁለቱም የዲ ወታደራቸውን አንድ ቤት ይገፋሉ። 6 እርምጃ ሙሉ ቅጂ ነው፣ ሁሉም ደህና ነው። በ7ኛው ነጭ ሌላውን ጳጳስ ጂ5 ላይ አስቀምጦ ኤፍ6 ላይ ያለውን ፈረስ ከንግሥቲቱ ጋር ያስረዋል፤ ፈረሱ ከተነሳ ከኋላው ያለችው ንግሥት ትበላለች ማለት ነው። ጥቁር አሁንም ቀድቶ ጂ4 ላይ ያስቀምጣል። ችግሩ እዚህ ይጀምራል። በ8ኛው የነጭ ፈረስ ዲ5 ላይ ይተከላል፤ የጥቁሩ ዲ4 ላይ። በ9ኛው ነጭ ቢ4 ላይ ያለውን ጳጳስ በፈረሱ ይበላል፤ ጥቁርም ቢ5 ላይ ያለውን። በ10ኛው ሁለቱም ፈረሶች ወደነበሩበት ይመለሳሉ። በ11ኛው ንግሥቶቹ ወደ ዲ2 እና ዲ7 ይወጣሉ። በ12ኛው የነጭ ጳጳስ ኤፍ6 ላይ ያለውን ፈረስ፣ የጥቁሩም ኤፍ3 ላይ ያለውን ፈረስ ይበላል።

እዚህ ቆም በል። 12 እርምጃ ያለ አንዲት ጉድለት ተቀድቷል። ብልት ቁጠር፤ እኩል ነው። ሰሌዳውን ከመሀል ብታጥፈው ሁሉም ጥንዱ ላይ ያርፋል። አሁን የነጭ ፈረስ ከዲ5 ወደ ኢ7 ዘልሎ ቼክ ይላል። የጥቁሩም ፈረስ ወደ ኢ2 ዘልሎ ልክ እንደዚያው ቼክ ማለት ይችል ነበር፤ ተራው ግን የሱ አይደለም። ፈረሱን በንግሥቱ ቢበላ፣ ኤፍ6 ላይ ያለው ጳጳስ ንግሥቲቱን ይበላል። ንጉሡን ወደ ኤች8 ቢያሸሽ፣ ጳጳሱ ጂ7 ላይ ያለውን ወታደር በቼክ ይበላል፤ ንጉሡ ጳጳሱን ከመብላት በቀር ምርጫ የለውም። ንግሥቲቱ ጂ5 ላይ ቼክ፣ ንጉሡ ተመልሶ ኤች8፣ ንግሥቲቱ ኤፍ6 ላይ ቼክሜት። በ16ኛው እርምጃ አለቀ።

ይህን አጀማመር የሚያውቁ ተጫዋቾች በ7ኛው ላይ ምን ያደርጋሉ? ቢ4 ላይ ያለውን ጳጳስ ሲ3 ላይ ባለው ፈረስ ይለውጡታል። ምክንያቱም ዲ5 ላይ ሊተከል ያሰበው ያ ፈረስ ነው። አየህ፣ «ፈረሱ የት መሄድ ይፈልጋል?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን በአንድ እርምጃ ያገኛል። እስከ 6ኛው ድረስ እሱም እንዳንተ ቀድቷል፤ መቅዳቱን መቼ እንደሚያቆም የወሰነው ግን ራሱ ነው። ሌላው ደግሞ ተጋጣሚው እስኪያስቆመው ጠበቀ።

በዚህ ምክንያት «መቅዳት ክልክል ነው» አልልህም። እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ፋቢያኖ ካሩዋና ጥቁር ሆኖ ማግነስ ካርልሰንን የገጠመው አንተ በተሸነፍክበት በዚያው በፔትሮቭ መከላከያ ነበር፤ 6ኛውን ጨዋታ ከ80 እርምጃ በኋላ አቻ ወጡ። በታላላቅ ውድድሮች ጥቁር ሰባት ስምንት እርምጃ ነጭን የሚመስልባቸው ሌሎች አጀማመሮችም አሉ። ሰዎቹ ግን አይቀዱም፤ እያንዳንዱ እርምጃ በራሱ ጥሩ ሆኖ ስላገኙት ከነጭ ጋር ይገጣጠማሉ። ሁለት ሰዎች ከፒያሳ ወደ አዘዞ በአንድ መንገድ ሲሄዱ ብታይ፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ላይሆን ይችላል፤ ወደ አዘዞ የሚወስደው መንገድ ያ ስለሆነ ነው።

ቀድሞ መጀመር ዘላለማዊ መብት እንዳልሆነም እወቅ። እ.ኤ.አ. በ1907 ሎጅ በተባለችው የፖላንድ ከተማ ሮትሌዊ ነጭ፣ አኪባ ሩቢንስታይን ጥቁር ሆነው የተጫወቱት ጨዋታ አለ፤ ቼዝ የሚወድ ሰው ሁሉ ሊያየው ይገባል። ከ15ኛው የነጭ እርምጃ በኋላ የነጭና የጥቁር አሰላለፍ የሚመሳሰል ነው ለማለት ይቻላል፤ ወታደሮቹ፣ ጳጳሶቹ፣ ፈረሶቹ፣ ንግሥቶቹ ሁሉ ፊት ለፊት ተያይተዋል። ሆኖም ነጭ ንግሥቱን አንዴ ዲ2 አንዴ ኢ2 ሲያመላልስ፣ ጳጳሱንም ከዲ3 ወደ ሲ4፣ ከሲ4 መልሶ ወደ ዲ3 ሲያንከራትት ጊዜ አባክኗል። የጥቁር ግንብ ግን ዲ8 ላይ ደርሷል፤ ከዚያም በላይ ተራው የጥቁር ነው። ቀዳሚው ተከታይ ሆነ። ሩቢንስታይን ከዚያ ንግሥቱን ጭምር ሠውቶ በ25ኛው እርምጃ አሸነፈ። ጥቁር ስትጫወት ልትመኘው የሚገባህ ይህ ነው፤ ነጭ የሚያባክናትን አንዲት እርምጃ አድፍጠህ መጠበቅ። ዓይኑ ተጋጣሚው እጅ ላይ የተተከለ ሰው ያቺን እርምጃ አያያትም፤ ብክነቱንም አብሮ ይቀዳዋል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቅዳ ብዬ የማዝህ አለ፤ ሁለቱ ንጉሦች ከአንድ ወታደር ጋር ብቻ ሲቀሩ። ነጭ ንጉሡ ኢ5 ላይ፣ ወታደሩ ኢ6 ላይ ነው እንበል፤ ያንተ ንጉሥ ብቻውን ኢ8 ላይ ቆሟል፤ ተራው የነጭ ነው። ንጉሡ ወደ ዲ6 ከመጣ አንተ ወደ ዲ8፣ ወደ ኤፍ6 ከመጣ አንተ ወደ ኤፍ8 ሂድ። ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ቁም። ወታደሩን ወደ ኢ7 በቼክ ቢገፋ ተመልሰህ ኢ8 ላይ ትቆማለህ፤ ወታደሩን ላለማጣት ንጉሡን ወደ ኢ6 ሲያመጣ አንተ የምትንቀሳቀስበት ቤት አይኖርህም፤ ቼክም አይደለህም፤ ጨዋታው አቻ ነው። እዚህ መቅዳት የሚሠራው ንጉሥ ንጉሥን መንካት ስለማይችል ነው። ቀድሞ የመጣ ሁሉ የሚጎዳበት፣ ተከታይ የሚጠቀምበት ቦታ አንዱ ይህ ነው። ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ከጓደኛህ ጋር ተለማመደው፤ ካነበብከው ሁሉ በላይ ይጠቅምሃል።

ልጁ ያሸነፈበትን አጀማመር የሚተው አይመስለኝም፤ ስለዚህ አንተም አትሽሸው። ኢ4፣ ኢ5፤ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ኤፍ6። ወታደርህን ሲበላ አሁን ኢ4ን አትንካ። መጀመሪያ ወታደርህን ወደ ዲ6 ገፍተህ ፈረሱን ከኢ5 አባርረው። ፈረሱ ወደ ኤፍ3 ሲመለስ ያን ጊዜ ኢ4 ላይ ያለውን ወታደር ብላ። ብልታችሁ እኩል ነው፤ ንግሥትህን የበላብህ ፈረስ ግን ኢ5 ላይ የለም።

እንደገና ንግሥቱን ወደ ኢ2 ቢያመጣስ? እጅህን ጭንህ ላይ አድርግና የኢን ዓምድ ተመልከት። ንግሥቱ ከታች፣ ንጉሥህ ከላይ፣ በመካከል ያንተ ፈረስ ኢ4 ላይ ነው፤ ከዚያ ሊነቃነቅ አይችልም፣ ታስሯል። ነጭ በሚቀጥለው እርምጃ ወታደሩን ወደ ዲ3 ገፍቶ የታሰረውን ፈረስ ሊበላ ነው። ፈረሱን የሚፈታው ከኋላው ቆሞ ንጉሥህን የሚሸፍን ብልት ነው፤ ያ ብልት ንግሥትህ ናት፤ ቤቷም ኢ7 ነው። እሱ ዲ3 ሲገፋ ፈረስህ በሰላም ወደ ኤፍ6 ይመለሳል። ከሩቅ የሚያይህ ሰው «ይሄው አሁንም ንግሥት በንግሥት ቀዳ» ይል ይሆናል። ይበል። አንተ ለምን እንዳመጣሃት ታውቃለህ።

የቅዳሜውን ወረቀት ደግሞ አሸነፍክም ተሸነፍክም ላክልኝ። በእያንዳንዱ የጥቁር እርምጃ ጎን ለምን እንደተጫወትከው በአንድ ቃል ጻፍበት፤ ባዶ የቀረውን መስመር አብረን እናየዋለን።